በቀይ የሰረዝኩት ጥቅል ሽቦ

እኔ ፈሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲያንቀላፋ ጠመኔ የምወረውር፣ ወርክሾፕ ውስጥ ወንዶቹን «ወግድ፣ አንተን ብሎ መካኒክ!» የምል ስለሆንኩ ይህን ብናገር ማንም አያምነኝም። ግን እውነቴን ነው። ቁልቁለት እፈራለሁ። የባትሪ ብልጭታ እፈራለሁ። ከሁሉም በላይ «ተሳስቻለሁ» ማለት እፈራለሁ። ወንድሜን ሊያሳጣኝ የነበረው ይኼኛው ፍርሃት ነው።

ያኔ ዲላ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የአውቶሞቲቭ አስተማሪ ነበርኩ፤ በክፍሉ ብቸኛዋ ሴት። እዚያ ያደረሰኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድም ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ሲሞት እሱ ከስምንተኛ ክፍል አቋረጠ። መጀመሪያ የፈረስ ጋሪ ነዳ፣ ባጃጅ ዲላ ሲገባ የሰው ባጃጅ ነዳ፣ ኋላ ላይ የራሱን አሮጌ ባጃጅ ገዛ። ደብተሬም ዩኒፎርሜም የወጣው ከዚያ የሹፌር ወንበር ላይ ነው። አስተማሪ ሆኜ ስመለስ ለተሳፋሪው ሁሉ «ኢንጂነሯ እህቴ መጣች» ሲል ከረመ። ኢንጂነር አይደለሁም ብለው ማን ሊሰማኝ!

ከዚያ የጭሱ ነገር መጣ። ከሚቀጥለው ዓመታዊ ምርመራ ጀምሮ ጭሱ ከልክ ያለፈ ባጃጅ ቦሎ አይለጠፍለትም ተባለ። ቦሎ የሌለው ደግሞ መንገድ ላይ መታየት የለበትም። የወንድም ጋሼ ባጃጅ ስትነሳ ከኋላዋ ያለው ሰፈር ይጠፋል። ሁለት ጋራዥ ወስዶ አሳያት፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚስትና ሦስት ልጆች የሚያድሩት በእሷ ነው። አንድ እሁድ ከቸርች መልስ ቤቴ መጣ። የሰጠሁትን ሻይ ሳይነካ፣ እንዳቀረቀረ «እንግዲህ ኢንጂነሯ፣ አንድ በይኝ» አለ።

«ኤሌክትሪክ አደርግልሃለሁ» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ እኔኑ አስደነገጠኝ። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ከመጽሐፍ አስተምሬ አውቃለሁ እንጂ አንድም ሠርቼ አላውቅም። እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ሲለቀው አየሁ። ከዚያ በኋላ ቃሌን መመለስ የማይታሰብ ሆነ።

ሥራው የጀመረው በወረቀት ነው። በግራ በኩል ምርመራው የሚፈልገውን ጻፍኩ፣ በቀኝ በኩል የወንድሜ ኪስ የሚችለውን። ሁለቱ አይተዋወቁም። ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ላድርጋት ብል የባትሪው ዋጋ ሌላ ባጃጅ ይገዛል። የቤንዚን ሞተሯን ብቻ ላድስ ብል ጭሱ አይለቃትም። ስለዚህ መሃል ለመሃል ሄድኩ፤ የታደሰው የቤንዚን ሞተር ሸክሙ ሲቀልለት ጭሱ ልክ ውስጥ ይገባል። ከተማ ውስጥ በባትሪ ትሄዳለች፣ ዳገት ላይ የቤንዚን ሞተሯ ተነስቶ ያግዛል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ቤንዚኑ ይጠፋና ከጎማው ይለያል። ባትሪውም ቀላሉና ውዱ ዓይነት አይደለም፤ የጭነት መኪና የሚያስነሳው ያ ከባዱ ነው። አራቱን ለመጫን አራት ጎረምሳ ያስፈልጋል። ግን ርካሽ ነው፣ ሐዋሳም ዲላም ይገኛል።

ያን ሁሉ ክብደት ተሸክማ የባጃጇ ፍሬን ብቻውን ረጅም ቁልቁለት እንደማይችል አውቅ ነበር። የተማመንኩት በኤሌክትሪኩ ሞተር ነው። ቁልቁለት ሲመጣ ሥራውን ይገለብጣል። መግፋቱን ትቶ እንደ ዲናሞ ይዞራል፤ ባጃጇን ወደ ኋላ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ፍሬንም ነው፣ ቻርጀርም ነው፣ ያውም በነጻ! ይህን ወረቀት ላይ ሳየው ብቻዬን ሳቅሁ።

አንድ ጣጣ አለው። ባትሪው አስቀድሞ ሞልቶ ከሆነ የሚመጣው ኃይል መግቢያ የለውም። ያኔ ሞተሩ መያዙን ይተዋል። ለዚህም መድኃኒት አለ፤ እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ያለ ወፍራም ጥቅል ሽቦ ይገጠማል፣ ትርፉን ኃይል በሙቀት ያቃጥለዋል። ሥዕሌ ላይ ነበረ። ዋጋውን ሳጠያይቅ ከነመቆጣጠሪያው ከአንዱ ባትሪ ይበልጣል። ወረቀቱን ይዤ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። ዲላ ውስጥ የሚሠራ ባጃጅ ባትሪው ሞልቶ ረጅም ቁልቁለት የሚወርደው መቼ ነው? መቼም፣ አልኩ። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። ለማንም አልነገርኩም፤ ለወንድሜም።

ለእሱ የነገርኩት ሌላ ነገር ነው። የእኛ አካባቢ ሹፌር ቁልቁለት ሲያይ ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ ያወጣና ቁልፉን ያጠፋል። ከዲላ እስከ ገደብ ከተማ የማያደርገው የለም። ተሳፋሪውም ለምዶታል፤ ባጃጁ ጸጥ ሲል ወሬ የሚጀመረው ያኔ ነው። በእኔ ሥራ ግን ቁልፉ ከጠፋ የኤሌክትሪኩ ሞተር አይይዝም። «ቁልቁለት ላይ ቁልፉን ነክተህ እንዳላይህ!» አልኩት፣ ጣቴን አፍንጫው ላይ ቀስሬ። «ኧረ እሺ፣ አትግደይኝ» አለ እየሳቀ። አሥር ጊዜ አስምዬዋለሁ፤ በልጆቹ ስም ሳይቀር።

ቅዳሜ ቅዳሜ በኮሌጁ ወርክሾፕ ሠራን። መጀመሪያ ባትሪዎቹን ሳገናኝ መፍቻ ከእጄ ሾለከና ሁለቱን ጫፎች ነካ። ሰማያዊ ብልጭታ ዓይኔን ሞላው፤ መፍቻው ጫፉ ተበልቶ ወደቀ። ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። የክፍላችን ኃላፊ ነገሩን ወዶታል፤ ለኮሌጁ ስም ያመጣል ብሎ ሥራውን የሚገመግም ኮሚቴ አቋቁሞልኛል። በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ «እንዴት ነው ሥራው?» ሲለኝ «አሪፍ ነው» አልኩት። ሁልጊዜ አሪፍ ነው የምለው።

ተጠናቃ ስትወጣ ድምፅ የላትም። ዲላ አጠገብ ጪጩ በገበያ ቀን ሰው መሃል ስትገባ ማንም አይሰማትም። ወንድም ጋሼ አንገቱን አውጥቶ «ዞር በሉ! ኧረ ዞር በሉ፣ መጥቻለሁ!» እያለ በአፉ ጥሩምባ ይነፋ ነበር። አንዲት ሙዝ ሻጭ አጠገቧ ደርሶ ሲጮህ ሙዟን ጥላ ዘለለች፤ «በጌታ! ይሄ ደግሞ ከየት በቀለ!» ብላ ስትረግመው ገበያው ሁሉ ሳቀ። እኔም ከኋላ ሆኜ ሳቅሁ፤ ዓይኔ ግን ከባትሪው መለኪያ አልተነሳም።

ኮሚቴው ፊት ከመቅረቧ በፊት የዳገት ሙከራ ያስፈልጋት ነበር። ቡሌን መረጥን፤ አጎታችን እዚያ ነው የሚኖረው። ከዲላ ወደ ቡሌ መንገዱ መውጣት ብቻ ነው። ቡናው እያነሰ፣ እንሰቱ እየበዛ፣ ብርዱ ጉልበት ውስጥ እየገባ ይወጣል። ሁለቱ ሞተሮች ተጋግዘው አወጡን። ላይ ስንደርስ ባትሪው ልክ እንደ ሒሳቤ ወደ ግማሽ ወርዷል፤ ስንመለስ በቁልቁለቱ ይሞላል ማለት ነው። እሰይ፣ አልኩ። ለአንድ አፍታ አልፈራሁም።

አጎታችን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ እንግዳ ሲያይ የሚይዘውን የሚጨብጠውን ያጣል። ቆጮው ቀረበ፣ ጎመኑ ቀረበ፣ እርጎው ቀረበ። ከዚያ ዝናቡ ወረደና አላስወጣ አለን። አጎታችን በበሩ አሻግሮ ባጃጇን አየና «እሷስ?» አለ። «እሷስ ምን ትብላ?» ወንድም ጋሼ ስለ ባትሪው ሲያስረዳው ሽማግሌው ብድግ ብሎ የመብራት ገመድ በመስኮት አወጣ፤ አብሯት የሚጓዘውን ቻርጀር ራሱ ሰካው።

«ተው አጎቴ፣ አያስፈልጋትም» አልኩ።

«አይ፣ ልጄ፣ ዝም በል!» አለኝ። አጎታችን ሲደሰት በአማርኛ ወንድና ሴት ይቀላቅላል። «የእኔ ቤት እንግዳ ጾሙን አይወርድም። ትጥገብ!»

ደግሜ ተው ማለት ነበረብኝ። ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ። ግን ምን ልበል? ከሥራዬ ላይ ሆን ብዬ የተውኩት ነገር አለ ልበል? ወንድሜ እንዲያ በኩራት ስለ እኔ እያወራ? እርጎዬን ጠጣሁ። ሌላ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚጠፋው መብራት ያን ቀን ብልጭ ድርግም እንኳ አላለም። አሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲያባራ ቻርጀሩ ላይ አረንጓዴው በርቷል። ሞልቷል ማለት ነው። ወንድም ጋሼ ጎበዝ ሹፌር ነው፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ አልኩ ለራሴ። ለእሱ ያልኩት «ቀስ በል» ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኩርባዎች ደህና ነበሩ። ከሦስተኛው በኋላ ከወንበሬ ሥር ይሰማ የነበረው የሞተሩ ጉርምርምታ ቆመ። ጸጥ አለች። የሚሰማው የጎማውና የነፋሱ ድምፅ ብቻ ሆነ። ቁልፉን አጥፍቶ ይሆን? ወይስ ባትሪው? ልይ ብል አልቻልኩም፤ ዓይኔን ጨፍኜ የፊት ወንበሩን ብረት ይዣለሁ። ፍሬኑን ሲረግጥ ሰማሁት፣ ደግሞ ሲረግጥ። የሚቃጠል የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። በጌታ፣ በጌታ፣ በጌታ፤ ሌላ ቃል ጠፋኝ። የሚገርመው ሞት አልነበረም ዓይኔ ላይ የመጣው፤ ያቺ ቀይ መስመር ናት። «አጥብቀሽ ያዢ!» ብሎ ጮኸ።

በግራ ገደል ነው፣ በቀኝ የሰው የእንሰት ጓሮ። ቀኙን መረጠ። እንሰት ግንዱ ለስላሳ ነው። አንዱን ጣልን፣ ሁለተኛውን ጣልን፣ ሦስተኛው ላይ ባጃጇ በጎኗ ተኛች። በየቅጠሉ የተቋጠረው የዝናብ ውሃ ሁሉ ላያችን ላይ ፈሰሰ። የጓሮው ባለቤት እየሮጠች ወጣች። ይቅርታ ልንላት ስንጀምር «እንሰቱ ይተከላል፤ እናንተ ተርፋችኋል?» አለች። የወንድሜ ግራ ክንድ ተሰብሮ ነበር። እኔን ምንም አልነካኝም፤ ጭረት እንኳ የለኝም። ከሁሉ ያሳፈረኝ ይህ ነው።

ዲላ ያወረደን አንድ ቡና የጫነ አይሱዙ ነው። ጋቢና ውስጥ መሃል ተቀምጬ የሹፌሩን እግር ብቻ አያለሁ፤ ፍሬን ሲይዝ እኔም እይዛለሁ። ወንድም ጋሼ ሕመሙን ጥርሱን ነክሶ ይችለዋል። አንዴ ብቻ ዞር ብሎ አየኝ። «ደህና ነሽ?» አለ። እሱ ነው የሚጠይቀኝ።

በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢው የክፍሉ ኃላፊ። ወንድም ጋሼ ክንዱን በፋሻ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ለምን አልያዘችም? እኔ ስለ ሽቦው ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። በእውነት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሥዕሉን በቦርሳዬ ይዣለሁ። ስነሳ የጠረጴዛውን ጫፍ ያዝኩ። ከአፌ ቃል ሳይወጣ ወንድሜ ቀደመኝ።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለ። «ቁልፉን አጥፍቼው ነበር። ልማድ ነው፤ እጄ ሳላውቀው ሄደ።»

ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ። «እናንተ ሹፌሮች! ለአንድ ጭላፊ ቤንዚን ብላችሁ እህትህን ልትጨርሳት!» አለ። ሌላው የኮሚቴ አባል እንዲሁ ቁልፍ አጥፍቶ ሲወርድ የተገለበጠ የሰፈሩን ሹፌር ማውራት ጀመረ። ማንም አልጠረጠረም። ማን ይጠረጥራል? ሁሉም የሚያደርገው ነገር ነው። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ተሰደበ። እኔ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እኔም አመንኩት። ማመን ስለፈለግኩ አመንኩት። አረንጓዴውን መብራት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ባትሪው ከሞላ ቁልፉ በራም ጠፋም ያው መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም «ቁልፉን ባያጠፋ ኖሮ» እያልኩ ራሴን አባበልኩ። እንዲያውም አንዳንዴ ተናደድኩበት፤ አሥር ጊዜ አላስማልኩትም? እንዴት ያለ ደንቆሮ ነው! ሥዕሉን ከቦርሳዬ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና ቆለፍኩበት።

ክንዱ እስኪድን ባጃጇን አደስኳት። የታጠፈውን ብረት አቃናሁ፣ አዲስ የፍሬን ሸራ አስገባሁ፣ ቀለም ቀባኋት። ሽቦውን አልገጠምኩም። ብገጥመው «ይሄ ምንድን ነው? በፊት ለምን አልነበረም?» ይባላላ! የወንድሜ ሚስት ወርክሾፑ ድረስ ምሳ እያመጣችልኝ «ጌታ ይባርክሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እንሆን ነበር» ትለኛለች። አንድ ቀን ልነግራት አፌን ከፍቼ ጨው እንዲጨመርበት ብቻ ነገርኳት።

የምርመራው ቀን ደረሰ። መለኪያውን ጭስ ማውጫዋ ውስጥ ከተቱ፣ አዩ፣ ደግመው አዩ። አለፈች። ቦሎው ሲለጠፍ ወንድም ጋሼ ሰው ፊት አቅፎኝ አለቀሰ። ኃላፊያችን ጨበጠኝ፣ ባልደረቦቼ አጨበጨቡ። እኔ ፈገግ ብዬ ቆሜ የፍሬን ሸራው ሽታ ይሸተኛል። ያን ሰሞን ሰው እያወራኝ ድንገት ይሸተኝ ነበር።

በቀጣዩ እሁድ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ባጃጇ ታጥባ በር ላይ ቆማለች። የወንድሜ ሚስት ትንሿን ልጅ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሁለቱ ትልልቆች በእሁድ ልብሳቸው ከጎኗ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል።

«ወዴት ናችሁ?» አልኩ።

«ቡሌ ነዋ!» አለች የወንድሜ ሚስት። «አጎታችሁ በረንዳው ላይ ለእሷ ብሎ አዲስ ሶኬት አስገጥሟል አሉ። እስክትመለሱ ቀኑን ሙሉ ትጠግባለች ብሎ ደውሏል!»

ክው አልኩ። ወንድም ጋሼን በዳነው ክንዱ ይዤ ወደ አጥሩ ሳብኩት። «ዛሬ ስትወርዱ ቁልፉን እንዳታጠፋ» አልኩት። ያን ብቻ ነው ማለት የቻልኩት። አሁንም ያን ብቻ። የኔ ነገር!

ግራ ተጋብቶ አየኝ። «ያን ቀንም አላጠፋሁትም እኮ» አለ።

«ምኑን?»

«ቁልፉን ነዋ። አልነካሁትም። በልጆቼ አስምለሽኝ የለ እንዴ?»

«ታዲያ ኮሚቴው ፊት ለምን እንደዚያ አልክ?»

ሚስቱ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስትነሺ አየሁሻ። ከንፈርሽ ነጭ ሆኖ፣ ጠረጴዛውን ይዘሽ። ከሥራዋ ያባርሯታል አልኩ። የሆነ የጎደለ ነገር እንዳለ ገብቶኛል፤ ምን እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ? ጊዜ ላግኝላት፣ ስታድሳት ዝም ብላ ታስተካክላታለች፣ ማን ያያል ብዬ ነው።» ፈገግ አለ፤ ልጅ ሳለሁ ፈተና አልፌ ስመጣ እንደሚስቀው። «አስተካክለሻታል አይደል?»

ከኋላው ትንሿ ልጅ በእናቷ ጭን ላይ ሆና መሪ የያዘች መስላ እጇን ታወዛውዛለች። «ዞር በሉ! ዞር በሉ! መጥቻለሁ!» ትላለች።

«አላስተካከልኳትም» አልኩ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፤ ደግሜ አልኩት። «አላስተካከልኳትም፣ ወንድም ጋሼ። ውድ ነው ብዬ የሰረዝኩት ነገር አለ። ባትሪው ከሞላ አትይዝም። ያን ቀንም አጎታችን ቤት አረንጓዴውን አይቼ ዝም አልኩ። እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።»

እንዲጮህብኝ ጠበቅሁ፤ እንዲመታኝም ተመኘሁ። አልጮኸም። ቁልቁለቱ ላይ ያልፈራ ሰው ያኔ ሲፈራ አየሁት። ልጆቹን አየ፣ ባጃጇን አየ፣ እንደገና ልጆቹን አየ። ሄዶ ቁልፉን ነቀለና ተመልሶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«ልጆች፣ ውረዱ» አለ።

«ለምን፣ አባዬ?» አለች ትልቋ።

ወደ እኔ ሳያይ «አክስታችሁ ትንሽ ሥራ ቀርቷታል» አላት።